የዕድራችሁን ደብተር ግለጡ

በደብረ ብርሃን ለዕድር ዳኞች፣ ጸሐፊዎችና ገንዘብ ያዦች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የዕድር ዳኞች፣ ጸሐፊዎችና ገንዘብ ያዦች፤ ንፍሮ ቀቅላችሁ፣ ቡና አፍልታችሁ ሐዘንተኛን የምታጽናኑ እናቶቼ፤ አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እንደምን አደራችሁ?

በዚህ ውርጭ ማልዳችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጡረታ የወጣች ዳኛ ስለ እኩልነት ትናገራለች ሲባል፣ አንቀጽ በአንቀጽ ሕግ ልታነብብን ነው ብላችሁ ይሆናል። ስለ ሕግ መናገሬ አይቀርም፤ ሃያ ስድስት ዓመት እንጀራ የበላሁበት ሙያ ነው። ዛሬ የመጣሁት ግን ስለ ደብተራችሁ ልለምናችሁ ነው። አባል የሚመዘገብበት፣ መዋጮ ምልክት የሚደረግበት፣ ያ ጠርዙ ያለቀ ደብተር።

ለምን ደብተር እንዳልኩ ልንገራችሁ።

የሰፈሬ ሴት ናት። ስሟን አልጠራም፤ ዕድሩንም አልጠራም። ባለቤቷ አምና አረፈ። ዕድሩ የሚገባውን ሁሉ አደረገ፤ ጥሩምባ ተነፋ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ሰው በተራ አደረ፣ ገንዘቡም በፖስታ ተደርጎ እጇ ገባ። እኔም እዚያው ነበርኩ። ዕድር የሌለው ሰው በዚህች ሌሊት ምን ይሆን ነበር ብዬ አስቤአለሁ። አርባው ካለፈ በኋላ የወሩን መዋጮ ይዛ ሄደች። ጸሐፊው ደብተሩን ገለጠና በቀይ የተሰረዘ ስም አሳያት። «እትዬ፣ አባሉ እሳቸው ነበሩ። እሳቸው ስላረፉ ተዘግቷል። መቀጠል ከፈለጉ እንደ አዲስ አባል መግቢያ ይከፍላሉ» አላት።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያንን መዋጮ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ እየወሰደች የምትከፍለው እሷ ነበረች። ባለቤቷ ሾፌር ስለነበር አብዛኛውን እሁድ መንገድ ላይ ነው። ጸሐፊውም ገንዘቡን ሲቀበል የኖረው ከእሷ እጅ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለቀብሩም መቃብር ሲቆፍር የዋለ ሰው ነው። ደብተሩ ግን ለአንድ ቤት አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው። በዚያ መስመር ላይ አንድ ስም ይጻፋል፤ ስሙ ሲሰረዝ ቤቱም አብሮ ይሰረዛል።

አሁን ስለ ሌላ ደብተር ልንገራችሁ።

እኔ እሠራበት በነበረው ወረዳ አንድ ቀን አንዲት እናት ችሎት ፊት ቆሙ። ባላቸው ሞተዋል። የባል ወንድም «መሬቱ የአባቴ ርስት ነው» ብሎ በሬውን ጠምዶ ገብቶበታል። ሦስት ምስክር አሰልፏል፤ ሦስቱም ስለ አባቱ፣ ስለ አያቱ፣ ስለ ድንበሩ አንደበታቸው ቀና ብሎ ይናገራሉ። እኒያን እናት «ማስረጃ አለዎት ወይ?» አልኳቸው። ከጉያቸው ፌስታል አወጡ። በፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል፣ በዚያ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ የመሬት ይዞታ ደብተር። ማንበብ አይችሉም። ገጹን ግን ያውቁታል። ገለጡና ጣታቸውን ከባላቸው ፎቶ አጠገብ ባለችው ፎቶ ላይ አሳርፈው፣ «እኔ ይህች ነኝ» አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ከዚያ በኋላ እኔም ብዙ የምጽፈው አልነበረኝም።

ያቺ ፎቶ እዚያ ገጽ ላይ እንድትለጠፍ ምን ያህል መንገድ እንደተሄደ አስቡልኝ። እኛ መንዞች ርስት በእናትም በአባትም ይቆጠራል እንላለን፤ እውነት ነው፣ ይቆጠራል። ሴት ልጅ ግን ባል ቤት ትሄዳለች፣ መሬቱን ወንድሟ ያርሰዋል፣ ከሁለት ትውልድ በኋላ የእሷን ድርሻ የሚቆጥር ሰው አይገኝም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ብዙ መልካም ነገር አለበት፤ ስለ ጋብቻ ሲናገር ግን የቤተሰቡ የበላይ ባል ነው፣ ሚስትም ትታዘዘዋለች ይል ነበር። ወንድ በ18 ዓመቱ፣ ሴት በ15 ዓመቷ ማግባት ትችላለች ብሎም ፈቅዶ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛውን ነፃ አወጣ። ትልቅ ቀን ነው፤ ማንም ሊያሳንሰው አይገባም። ነገር ግን በገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው የአባወራው ስም ነበር። ያው አንድ መስመር፣ አንድ ስም። በ1989 ዓ.ም. በአንዳንድ ወረዳዎቻችን መሬት እንደገና ሲደለደል፣ ባል የሌላቸው ሴቶች በራሳቸው ስም መሬት ያዙ። ያ ድልድል ብዙ ቤት ያስለቀሰ፣ አፈጻጸሙ እስከ ዛሬ የሚያንገበግባቸው ሰዎች ያሉበት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሁለቱም እውነት ነው።

ከዚያ በፊት የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች በመሬት አጠቃቀምም ሆነ በውርስ ከወንዶች እኩል ናቸው ብሎ ነበር። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ወጣ፤ እኛን የሚመለከተን የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ደግሞ በ1995 ዓ.ም.። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ። በዚያው በ1995 ዓ.ም. ክልላችን የገጠር መሬት ይዞታ መመዝገብ ጀመረ፤ ደብተሩም የባልና የሚስት ሆኖ ተዘጋጀ፣ የሁለቱም ስም፣ የሁለቱም ፎቶ። ሕገ መንግሥቱን ያላነበበ፣ አንቀጽ 35ን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ያንን ፎቶ ግን ያያል። ቅጹ ሲዘጋጅ በአንድ ቢሮ ውስጥ አንድ ሰው ለሁለት ፎቶ የሚሆን ቦታ ይተው ብሏል። ማን እንደሆነ አላውቅም። ከብዙ ዳኞች የበለጠ ፍርድ የሰጠ ሰው ነው ብዬ አምናለሁ።

ይሁን እንጂ የእኒያ እናት ነገር በፍርዴ አላለቀም። ፍርዱን የሰጠሁት ግንቦት መጨረሻ ነው። ሰኔ ሲገባ መሬቱ የእሳቸው ነው፤ በሬ ግን የለም። በሬም ቢኖር በእኛ አገር ሴት እርፍ አትጨብጥም። ይህን የሚከለክል ሕግ የለም፤ ልማድ ነው፣ ግን ከአዋጅ ይበረታል። ባል የሌላት ሴት መሬቷን የእኩል ትሰጣለች፤ የምርቱ ግማሽ ለአራሹ ይሆናል። የሚያርስ ሰው ሲጠፋ ደግሞ ከግማሽም በታች ትስማማለች። በዚያች ቀበሌ ደግሞ ትርፍ በሬ ያለው ማን ነበር? ተከራክረው የረቱት የባል ወንድም። የጽዋ ማኅበራቸው ሴቶች ይህን ሰሙ። ተማክረው ልጆቻቸውን ከነበሬያቸው ለሁለት ቀን ላኩላቸውና ማሳው ታረሰ፣ ገብሱም ተዘራ። ያ ማኅበር ባይኖር የእኔ ፍርድ ከሌሎች ወረቀቶች ጋር በዚያ ፌስታል ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀር ነበር።

ሕግ ሰው ካልያዘው ምን እንደሚሆን አብዝቼ ያየሁት በልጅነት ጋብቻ ጉዳይ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ግልጽ ነው። ልጅቱ 13 ዓመት የሞላት ከሆነ ያገባት ሰው እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል። በስንት መዝገብ ተከሶ ወደ እኔ እንደመጣ ልቁጠር ብል ጣቶቼ ይተርፋሉ። ጋብቻው ጠፍቶ አይደለም። ምስክር የሚሆነው ሰው ሁሉ ድግሱን በልቷል። ቄሱ ባርከዋል፣ ሽማግሌው ተልኳል፣ ጎረቤት እንጀራ ጋግሯል፣ ዕድሩ ድንኳኑን አከራይቷል። እናንተን ለመውቀስ አይደለም፤ ግን ድንኳኑን የማከራየትና ያለማከራየት ሥልጣን ያለው ዳኛው ሳይሆን እናንተ መሆናችሁን ልብ በሉልኝ።

አሁን አንድ የሚከብደኝን ነገር ልናገር። ስለ ራሴ ቤት ነው።

ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ገበያ ወረድን። ምጣድ ልትገዛ ነው። ሸክላ ሠሪዋ ሴት ምጣዶቿን በገለባ ላይ ደርድራ ተቀምጣለች። እናቴ አንዱን አንስታ በጣቷ መታ መታ አድርጋ ድምፁን ሰማች፤ ስንጥቅ ያለበት ምጣድ ድምፁ ይለያል። ተስማሙ። ሲከፈል ግን እናቴ ገንዘቡን እጅ በእጅ አልሰጠቻትም፤ ገለባው ላይ አስቀመጠችው። ሴትዮዋም እጇን አልዘረጋችም፤ ለምዳዋለች። ከገለባው ላይ ለቀመችው። ስንመለስ «ዓይኗን አየሻት እንዴ?» አለችኝ እናቴ፤ በግንባሬ ላይም አማተበች። እናቴ ደግ ሰው ነበረች፤ ለማኝ ከደጇ ባዶ እጁን ተመልሶ አያውቅም። በዚያ ምጣድ ላይ ለብዙ ዓመት እንጀራ ጋገረች። የበላነው ያቺ ሴት ባበጀችው ምጣድ የተጋገረ እንጀራ ነው፤ ቡዳ የምንለው ግን እሷን ነው።

እዚህ አጠገባችን አንጎለላ የተወለዱት ዐፄ ምኒልክ ይህን ነገር አውቀውታል። በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነገሩ። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በጣሽ እያላችሁ አትስደቡ፣ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ይቀጣል አሉ። ንጉሠ ነገሥት ናቸው፤ በአንድ ቃላቸው ጦር የሚያንቀሳቅሱ ሰው ናቸው። ከአዋጁ ወዲህ ከመቶ ዐሥር ዓመት በላይ አለፈ። ሦስት መንግሥት ተቀያየረ፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው አለ። እናቴ ግን ገንዘቡን ገለባው ላይ ያስቀመጠችው ከአዋጁ ስድሳ ዓመት በኋላ ነው። ዛሬም ልጃችን የሸክላ ሠሪ ልጅ ወደደች ሲባል ሌሊት የሚመክር ቤተ ዘመድ አለ። ነጋሪቱ የተጎሰመው በአደባባይ ነበር፤ ንቀቱ ግን የሚኖረው በጓዳ ነው፣ በስኒው፣ በማዕዱ፣ በለቅሶ ቤት አቀማመጥ። እዚያ የምትገቡት እናንተ ናችሁ። በድንኳናችሁ ውስጥ ማን የት ይቀመጣል? ንፍሮው ሲዞር ሳህኑ ለማን ተለይቶ ይሰጣል? መልሱን ለእኔ አትንገሩኝ፤ ታውቁታላችሁ።

እንግዲያው ሕጉ ይቅር፣ የአባቶቻችን ሥርዓት ይበቃናል የሚል ሰው አይጠፋም። ሥርዓታችንን እወዳለሁ። ግን ወደ ጓሳ ልውሰዳችሁ።

ጓሳን የማያውቅ መንዜ የለም። ያ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚልቅ ከፍታ፣ ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ የሚሆን፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት። አባቶቻችን ቀሮ በሚባል ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት ጠብቀውታል። ሣሩ ለጥቂት ዓመታት ይዘጋል፣ ጠባቂ ይመደባል፣ ጥሶ የገባ ይቀጣል፤ ሲከፈት ሁሉም በአንድ ቀን ያጭዳል። እንዲህ ያለ ጥበብ ነው። ነገር ግን ሣሩ የሁሉ አልነበረም። የመንዝ ቀደምት አባቶች የሚባሉት የአስቦና የጌራ ዘር ነኝ ብሎ መቁጠር ለሚችል ብቻ ነበር። እዚያው አብሮ የሚኖር፣ ያው ብርድ የሚበላው፣ ዘሩ የማይቆጠርለት ሰው ጎጆውን የሚከድንበት ሣር አያገኝም። ከ1967ቱ አዋጅ በኋላ ቀሮ ቀረ፤ ጓሳ ለሁሉ ተከፈተ። ያን ጊዜ ደግሞ ሁሉም ገባ፣ ሁሉም አጨደ፣ ማንም አልጠበቀም፤ ሣሩ ተራቆተ። እኩልነቱ መጣ፣ የምንካፈለው ነገር ግን አለቀ። በኋላ የመንዝ ሰው ተሰብስቦ አዲስ መተዳደሪያ አወጣ፤ ጥበቃው ተመለሰ፣ በዘር ቆጠራ ግን አልተመለሰም። ክልሉም በሕግ አወቀው። ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። የሽማግሌዎቹን ጥበብ አልጣሉትም፤ ስም ዝርዝሩን ነው የቀየሩት። እኔ ከእናንተ የምፈልገው ይህንኑ ነው።

ዝርዝሩ ውስጥ ከሌሉት አንዳንዶቹ ዛሬ በከተማችን ዳር አሉ። ከወለጋና ከሌላም ቦታ ተፈናቅለው በመጠለያ የሚኖሩ ወገኖቻችን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 32 ማንም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ ክፍል የመኖር መብት አለው ይላል፤ ስለ ተፈናቃዮች የወጣውን የካምፓላ ስምምነትም አገራችን በ2012 ዓ.ም. አጽድቃለች። ሞት ግን መጠለያ ውስጥም ይገባል። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ቀብር አገኘሁ። ቃሬዛ የያዙ ጥቂት ወንዶች፣ ከኋላ አንዲት ሴት፣ ከኋላዋ ልጆች። ጥሩምባ የለም፤ ድንኳን የለም። ከቀብር መልስ የተቀመጡት በአንድ የፕላስቲክ ሸራ ሥር ነው። አገር ቤት ሳሉ የአንድ ዕድር ዳኛ የነበሩ አዛውንት አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። «እኛ እኮ ሰባ ወንበር ነበረን» አሉኝ። ስለ ጠፋባቸው ከብት አልነገሩኝም፤ ስለ ቤታቸውም አልነገሩኝም። ስለ ወንበሩ ነው የነገሩኝ።

የመግቢያ ክፍያ ለምን እንዳለ አውቃለሁ። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ በነባር አባላት ገንዘብ የተገዛ ነው፤ አዲስ ገቢ ድርሻውን ይክፈል ማለት ፍትሕ ነው። ግን በአንድ ጊዜ ካልከፈልክ አትገባም ማለት ሌላ ነገር ነው። በዓመት፣ በሁለት ዓመት ተከፋፍሎ ቢከፈል ዕድሩ ምን ይጎድለዋል? ተከራይም እንዲሁ ነው። በየቤታችን የሚሠሩት ልጆችም እንዲሁ ናቸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የቤት ሠራተኛን አልሸፈነም፤ ዕድሩም ካልሸፈናት፣ ያቺ ልጅ ብትሞት የሚያለቅስላት ማን ነው?

ይህን ሁሉ ለማድረግ ከባሕር ዳርም ከአዲስ አበባም መመሪያ አትጠብቁ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ እንኳ ዕድርንና ዕቁብን ለራሳቸው ትቷቸዋል። ደንባችሁን የምታወጡት እናንተ ናችሁ፤ የምታሻሽሉትም እናንተ። አንድ ነገር ብቻ ከላያችሁ አለ፤ አንቀጽ 9 ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን ልማዳዊ አሠራር ተፈጻሚ አይሆንም ይላል። ማንም በዚህ አንቀጽ ዕድር እንዲከስስ አልፈልግም። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ተካስሶ አብሮ ያለቀሰ ሰው አላየሁም።

ስለዚህ ጸሐፊዎች፣ ዛሬ ቤት ስትገቡ ደብተሩን ግለጡ። በእያንዳንዱ ቤት መስመር ላይ ስንት ስም ለመጻፍ ቦታ እንዳለ እዩ። አንድ ብቻ ከሆነ ሁለተኛ ረድፍ አስምሩ። ማስመሪያና እስክሪብቶ በቂ ነው። ዳኞች ደግሞ ለጠቅላላ ጉባኤው ይህን አቅርቡ፦ ከባልና ሚስት አንዱ ሲሞት ሌላው ያለ መግቢያ አባል ሆኖ ይቀጥላል። ሴቶች ንፍሮ ቤት ብቻ ሳይሆን ውሳኔው በሚሰጥበት ጠረጴዛም ይቀመጡ፤ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለውን ተረት ወንዶች ከመተረታችሁ በፊት፣ የማን ሚስት ሠላሳ ዓመት መዋጮ ስትከፍል እንደኖረች ጸሐፊውን ጠይቁት።

ጎረቤቴ መግቢያውን አልከፈለችም። ገንዘቡ ጠፍቶባት አይደለም፤ «የእኔን ዕድር እንደገና አልገዛም» አለች። ባለፈው ወር ሰፈራችን ውስጥ ለቅሶ ሲሆን ግን ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች፤ እስከ ምሽት እንጀራ ስታቀርብ ዋለች። ደብተሩ ላይ የለችም፤ ድንኳኑ ውስጥ ግን አለች። የዕድራችን ጠቅላላ ጉባኤ በሚቀጥለው ወር በመጀመሪያው እሁድ ነው። እኔም አባል ነኝ፤ ያን ዕለት እጄን አወጣለሁ፤ የምናገረውም ዛሬ ለእናንተ የተናገርኩትን ነው።

አመሰግናለሁ።